በቦራ የተላከከው ሞት

ሰው የገደለው ፈረስ ነው የሚለው ወሬ ሬሳው ሳይነሳ ሰፈሩን ዞሯል። ኢንስፔክተር ደሳለች በፖሊስ ፒክአፕ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ እየተንገጫገጨች ጽድ በር መናፈሻ ስትደርስ፣ ዘበኛው መዝገቡ እንደምን አደሩ እንኳ ሳይል «ቦራ የሚባል ፈረስ ነው የገደለው» አላት። ትኬት ቆራጯም ያንኑ ደገመችላት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲጠብቃት የነበረው ሥራ አስኪያጁ ግዛቸውም በዚያው ቃል ተቀበላት። ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ሲናገር ደሳለች ደስ አይላትም። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት አገልግላ ያተረፈችው ይህንን ጥርጣሬና የወገብ ሕመም ነው።

ጽድ በር ከጉለሌ ራስጌ፣ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ የተዘረጋ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ከተሜው እሑድ እሑድ ይመጣና ፈረስ ይጋልባል፤ ያልደፈረው በእግሩ ይንሸራሸራል። ሌሊቱን የጣለው የጥቅምት ዝናብ ቀዩን መንገድ አቡክቶታል።

ሟቹ በዳሳ የፈረሶቹ ኃላፊ ነበር፤ የሱሉልታ ተወላጅ፣ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው። ከመንገዱ ጠርዝ ባለው የድንጋይ ካብ ሥር በጀርባው ተንጋልሏል። ማጅራቱ ከካቡ ሹል ድንጋይ ጋር ተላትሞ ተሰብሯል። ቀድሞ የደረሰው ሐኪም «ወዲያው ነው ያለፈው» ብሎ ሄዷል። አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ከነኮርቻው ሣር ይግጣል።

«ጠዋት ሊያሟሙቀው ወጣ፣ ጣለው፣ በቃ» አለ ግዛቸው፣ ከፈረሱ ራቅ ብሎ እንደቆመ። «ቅዳሜ እንዲወገድ ውሳኔ ጽፌያለሁ።»

«ሬሳው ሳይነሳ?»

«ሕዝብ የሚጋልብበት ቦታ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር! ሰው የገደለ ፈረስ ይዤ በር ልክፈት?»

አብሯት የመጣው ሳጅን ያዕቆብ ጡረታው ሊደርስ ሰባት ወር የቀረው ሰው ነው። ማስታወሻ ደብተሩን ሊያጥፍ ዳዳው። «አደጋ ነው ብለን እንዝጋዋ» አለ።

ደሳለች ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማዎች አየች። ሁለቱም እስከ ቁርጭምጭሚቱ በቀይ ጭቃ ተለውሰዋል። ከዚያ ወደ ፈረሱ ሄደች። አባቷ ቢሾፍቱ ላይ ጋሪ ነጂ ስለነበር ፈረስ በየት በኩል እንደሚቀርቡት ታውቃለች። የልጓሙ ማሰሪያ ዛቡ መሬት ለመሬት አይጎተትም፤ አጠር ተደርጎ አንገቱ ላይ ተቋጥሯል። ኮርቻውን በሆዱ ሥር የሚያጠብቀው ጠፍር ሁለት ቀዳዳ ላልቷል፤ ዘለበቱ ዘወትር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆዳው ተሸብሽቦ ነጥቷል። ኮርቻውን በአንድ እጇ ሳብ ብታደርገው ተንሸራቶ ወደ ጎን ዞረ። በኋላ እግሩ በውስጥ በኩል ሽምብራ የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ፈርጧል፤ በፈረጠው ላይ አንድ ሰው ቅጠል ወቅጦ ቀብቶበታል።

«ይህስ ምንድነው?»

«ዝንብ ይሆናላ። እኔ ፈረስ አልነካም፤ አንዴ ተነክሼ ተምሬያለሁ» አለ ግዛቸው።

ሬሳውን ያገኘችው ብርቅነሽ የምትባል እንጨት ለቃሚ ናት። የሃምሳ ዓመት ሴት ብትሆንም ወገቧ ሰባ ሞልቶታል። ከፖሊስ ጋር ስትነጋገር ዓይኗ ከሸክሟ አይነቀልም።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ፤ ስለ እንጨቱ አልጠይቅዎትም።»

«አይወስዱብኝም?»

«አልወስድም።»

«እንግዲያ በአጥሩ ቀዳዳ ነው የገባሁት። ስድስት ሆነን እዚያው ቀዳዳው ጋ ሸክም ስናስር፣ ከወደ ኩርባው የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ‹አይዞህ፣ አይዞህ› ይላል። አንዱ ወድቆ ሌላው እያነሳው ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሸክሜን ተሸክሜ ሳልፍ እኚህ ሰው ብቻቸውን ተዘርረዋል። በስመ አብ!»

«ጠብ አልሰሙም?»

«ኧረ አልሰማሁም። ያ ድምፅ ግን... የሚያለቅስ ሰው ነበር የሚመስለው።»

«በቀዳዳው በኩል ወንድ አልፏል?»

«ስድስት ሴት ተደርድረን? ድመትም አያልፍ!»

በታችኛው በር ማንንም አላስገባሁም ብሎ ዘበኛው መዝገቡ ምሏል። የቀረው የላይኛው በር ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተቆልፎ ይቆያል። ቁልፉ ያለው በአራት ሰው እጅ ነው። አንዱ በሟቹ ኪስ ተገኘ። ሦስቱ በግዛቸው፣ በግልቢያ አሰልጣኟ በኢየሩና በፈረስ ጠባቂው በስብሐት እጅ ናቸው።

በማግሥቱ ረቡዕ ደሳለች ኢየሩን ልምምድ ሜዳው ላይ አገኘቻት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከነጭ ፈረስ ላይ ወርዳ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች።

«ከጋሽ በዳሳ ጋር ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽም» አለች ሳትጠየቅ። «ማንም የራስ ቁር ሳያደርግ አይጋልብ ስላቸው ‹እኛ ነፋስ እየመታን ነው ያደግነው› ይሉኝ ነበር።»

«ትናንት ጎህ ሲቀድ የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን፤ የማለዳ ጸሎት ላይ።»

«ማን አየሽ?»

«ጌታ» አለችና ደነገጠች። «እ... ማለቴ፣ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር።»

ደሳለችም የወንጌል አማኝ ናትና ሳቋን ዋጥ አደረገች። ኢየሩ ይህን ስታወራ እርካቦቹን ወደ ኮርቻው ሰቅላ ዛቡን በእርካቡ ሥር አሾለከችው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

«ለተማሪዎቼም የማስተምረው ይህንኑ ነው።»

«አንገቱ ላይ መቋጠርስ?»

«እሱ የድሮ ነው፤ የመንገድ ዳር ልማድ።»

ግዛቸው ደግሞ ቢሮው ሆኖ «ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ ባለቤቴን ይጠይቋት» አላት። ደሳለች ከበዳሳ ሣጥን ያገኘችውን የደብዳቤ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ፈረሶቹ ይመርመሩ ብለው ሦስት ጊዜ ጽፈውልዎታል።»

«አልካድኩም።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«በሽታ ገባ ካልኩ መናፈሻው ይዘጋላ! አንዴ የተዘጋ ነገር መልሶ ሲከፈት የት አዩ? ሰባ ሰው እንጀራ የሚበላበት ቦታ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ደሳለች ሰውየውን ልትጠላው ሞክራ አቃታት። ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ደብዳቤዎቹም በመሳቢያው ውስጥ መልስ ሳያገኙ ተኝተዋል።

ስብሐትን ጋጣው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ፊቱ በለቅሶ አብጧል።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ጋልበናል፣ የኔ ልጅ» አላት። «ስድስት ፈረስ ነበረኝ። እንጦጦ መንገድ ዳር ቆሜ ለጎብኚ አከራይ ነበር። መናፈሻው ሲከፈት መንገድ ዳር መቆም ተከለከለ፣ አምስቱን ሸጥኩ። ቦራን ግን አልቻልኩም። እናቱ ስትወልደው ሞተች፤ በጡጦ ነው ያሳደግኩት። ባለቤቴም ካረፈች ወዲህ ያለኝ እሱ ነው። ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ፣ እኔንም ቦራንም እዚህ ያስገባን በዳሳ ነው።»

«ትናንት ጠዋት የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ኪዳን አድርሼ በላይኛው በር ገባሁ። ያኔ ሰው ተሰብስቧል።»

አንዲት ጎብኚ ከግልቢያ ተመልሳ ባዝራ አስረከበችው። ስብሐት ዓይኑን ከደሳለች ሳያነሳ፣ የበዳሳን ደግነት መዘርዘሩንም ሳያቋርጥ፣ አንድ እጁ በባዝራዋ ሆድ ሥር ገብቶ ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ አላላ። ሌላው እጁ ዛቡን ሰብስቦ አንገቷ ላይ ቋጠረ። በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አላትና ወደ ግጦሹ ለቀቃት።

«አሁን ምን አደረጉ ጋሼ?»

«ምን አደረግኩ?» አለ። የምሩን ነው። እጆቹን ገልብጦ አያቸውና ነገሩ አልገባው ሲል ተወው። «የኔ ልጅ፣ ቦራን አታስገድዪብኝ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል አልሰማሽም?»

ደሳለች ወደ ፒክአፑ ስትመለስ ሳጅን ያዕቆብ ፊቷን አይቶ ወሬውን አቆመ።

«አወቁት?»

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ዳኛ ፊት የሚቆም ማስረጃ የለኝም። ቢኖረኝም ደስ አይለኝም።»

በደብዳቤው ግርጌ የእንስሳት ሐኪሙ የዶክተር ፈድሉ ስልክ ነበር፤ ደወለችለት። ሐኪሙ ከላይኛው በር ወዲያ ማዶ የሕክምና ግቢ አለው።

«አዎ፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ቦራን ሊያመጣልኝ ተቀጣጥረን ነበር» አላት። «ከእሱም ከሌሎቹም ናሙና ወስጄ ልኬያለሁ፤ ውጤቱ ገና ነው። ሌሎቹን እንዳይበክል ለብቻው ላቆመው ነበር። የጠረጠርኩት ከሆነ ግን ማስወገድ ነው፤ በዚህ ደረጃ መድኃኒት የለውም።»

«በዚያ ሰዓት ለምን?»

«‹የሚያዝን ሰው አለ፣ ሳያየው ይሂድለት› አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።»

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ፈድሉ መናፈሻው በር ላይ ጠበቃትና የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። ቆማ አነበበችው። አንድ ጊዜ በቅቷት ነበር፤ ሁለቴ አነበበችው።

«እስክጠይቅዎ ድረስ ይህን አይናገሩ» አለችና ኪሷ ከተተችው። ወረቀቱ ክብደት የለውም፤ እሷ ግን እስከ ልምምድ ሜዳው ድረስ ስትሄድ ኪሷ ውስጥ ድንጋይ ያለ መሰላት።

ሁሉም ተሰብስበዋል። ግዛቸው ውሳኔውን በእጁ ይዟል፤ ጠመንጃ ያነገተ ሰውም ከኋላው ቆሟል። ኢየሩ አጥሩን ተደግፋለች። ብርቅነሽ ተጠርታ መጥታ ከመዝገቡ ጎን ቆማለች። ስብሐት ከሁሉም ይልቅ ግንድ ላይ ለታሰረው ለቦራ ቀርቦ ተቀምጧል።

«ሟቹ አልጋለቡም» ብላ ጀመረች ደሳለች። «ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነበር። ፈረስ ላይ ያለ ሰው ጭቃ አይረግጥም። በእግራቸው እየሄዱ ቦራን ይስቡ ነበር። ፈረስ ላይ ያልወጣ ሰው ደግሞ ከፈረስ አይወድቅም።»

«ረግጦት ይሆናላ!» አለ ግዛቸው።

«ያላቸው ቁስል አንድ ነው፤ እሱም የካቡ ድንጋይ ነው። የኮቴ ምልክት የለባቸውም። ደግሞስ ሰው ረግጦ የገደለ ፈረስ ዛቡን ራሱ ቋጠረው?»

መዝገቡ ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ።

«ታዲያ የማይጋልቡትን ፈረስ ለምን ኮርቻ ጫኑበት?» አለች ኢየሩ።

«እኔም ይህን ነው ስጠይቅ የነበረው። ዶክተር?»

«ከነዕቃው አምጣው ብዬው ነው» አለ ፈድሉ። «የጠረጠርነው በሽታ በኮርቻና በልጓም ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። ካለበት ዕቃውም ይቃጠላል።»

«የዝንብ ንክሻ ነው!» አለ ስብሐት ከተቀመጠበት። «ስንት ጊዜ ልናገር? ቅጠል እየቀባሁት ደርቆለታል!»

ደሳለች ዘወር ብላ አየችውና ቀጠለች። «ጋሽ በዳሳ ቦራን በላይኛው በር ሊያወጡ ሲሄዱ ኩርባው ላይ ሰው አገኙ። በታችኛው በር የገባ የለም፣ በቀዳዳውም ያለፈ ወንድ የለም። ስለዚህ ያ ሰው የላይኛው በር ቁልፍ ያለው ነው። ሦስት ናችሁ። ሰውየው ገፋቸው፣ ወደቁ፣ ሞቱ። ከዚያ እትዬ ብርቅነሽ ‹አይዞህ› የሚል ድምፅ ሰሙ። ጋሽ በዳሳ ግን የሞቱት ወዲያው ነው። ለሞተ ሰው አይዞህ ይባላል?»

ብርቅነሽ አማተበች።

«የተባለው ለቦራ ነው። ደንግጧላ። ሰውየው ፈረሱን አባበለው፣ ዛቡ እግሩ ላይ ተጠላልፎ እንዳይጥለው አንገቱ ላይ ቋጠረለት፣ ሆዱን እንዳይጨንቀው ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ አላላለት። በዚያ በላላ ጠፍር ሰው ጋልቦ ቢሆን ሦስተኛው ኩርባ አይደርስም፤ የላላው ከሞቱ በኋላ ነው። አቶ ግዛቸው ፈረስ አይነኩም። ኢየሩ ዛብ አትቋጥርም፣ በእርካብ ሥር ታሾልካለች፤ ድምፁም የወንድ ነው። ይህን ያደረገው ሰው እጁን አላዘዘውም። ሠላሳ ዓመት ፈረስ ከግልቢያ ሲመለስ ያደረገውን ነው ያደረገው። ሰው ገድሎ እንኳ ፈረሱን ጠፍሩ እንደጠበቀ ትቶት መሄድ አልቻለም።»

ስሙን አልጠራችም። ሁሉም ግን ወደ አንድ ቦታ ይመለከት ነበር።

«ይህ የጠፍር ወሬ ነው!» አለ ግዛቸው። «ያየ ሰው የለም፣ ያመነ ሰው የለም። ገደልኩ የሚል እስካልመጣ ድረስ የእኔ ውሳኔ ይፈጸማል።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸ ነው» አለች ደሳለች። ሌላ አልጨመረችም። ዝም ማለት ብቻ እንደቀራት ታውቅ ነበር። ባለ ጠመንጃው ወደ ቦራ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ስብሐት ተነሳ። «መልሰው» አለው ሰውየውን። «ጠመንጃህን መልሰው ልጄ። ቦራ አልገደለም፤ እኔ ነኝ።»

ኢየሩ «ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

«ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ኪዳኑ ሳያልቅ ወጣሁ። ኩርባው ላይ ሁለቱን አገኘኋቸው። ወዴት ነው የምትወስደው አልኩት። በዳሳ መዋሸት አያውቅም፣ ነገረኝ። ዛቡን ስቀማው አልለቅም አለ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት፣ የኔ ልጅ፣ ቁስቋም ምስክሬ ናት። ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ቦራ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አይዞህ አልኩት። ከዚያ ወዲያ እጄ ያደረገውን አላውቅም።»

«ለምን ቦራን ይዘው አልሄዱም?» አለች ደሳለች በዝግታ።

«ወዴት? ፈረስ ይዘው የሚቆሙበት ቦታ የት ቀረ?»

ሳጅን ያዕቆብ ካቴናውን አወጣ። ስብሐት ሁለት እጁን ሰጠው፤ ፊቱ ላይ ግን ከማክሰኞ ወዲህ ያልታየ ብርሃን ነበር።

«እንግዲህ ነጻ ነው፣ አይደለም? እሱ አለመግደሉ ታውቋል። ይፈታ በያቸው።»

ደሳለች ከዚህ ጥያቄ ለማምለጥ ሦስት ቀን መንገድ ፈልጋ አላገኘችም። ወረቀቱን አወጣች። አፍራ ነበር፤ እፍረቷንም ልትደብቅ አልሞከረችም።

«ጋሼ፣ ውጤቱ መጥቷል። በሽታው አለበት፤ አይድንም። ከሌሎቹም ሦስቱን ይዟቸዋል። ጠዋት ነው የደረሰኝ። ሳልነግርዎ ነው ያናገርኩዎት።»

ስብሐት ወደ ዶክተሩ ዞረ። ፈድሉ አንገቱን ደፋ። ግዛቸው ውሳኔውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከዛሬ ወዲያ መናፈሻው እንደማይከፈት የገባው ያኔ ነው። ሽማግሌው ደሳለችን ይረግማት ይሆናል ብለው የጠበቁ ነበሩ። እሱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ።

«በዳሳ እውነቱን ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ዶክተር ፈድሉ ቦርሳውን ከፈተ። «ጠመንጃው ይቅር፤ መርፌ አለኝ። ግን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ለማያውቀው ሰው አይቆምም።»

ኢየሩ ፊቷን አዞረች። መዝገቡም መሬት መሬቱን አየ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ ስብሐት።

ሳጅኑ ደሳለችን ተመለከታት። ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል። ቁልፉን ከሳጅኑ ተቀብላ ካቴናውን ራሷ ፈታችለት። ይህ እንዳይሆን ብሎ የሠላሳ ዓመት ጓደኛውን የገደለ ሰው፣ አሁን ሄዶ የቦራን ዛብ ያዘ። ግንባሩን ከፈረሱ ግንባር አገናኝቶ ያወራው ነገር ለማንም አልተሰማም። ቦራም የሚያውቀው እጅ ስለያዘው ንቅንቅ አላለም። መርፌው ሠርቶ ቦራ ሲወድቅ አብሮት ተንበረከከ። ዶክተሩ ሲጨርስ ስብሐት ከመሬት ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና፣ ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ለሳጅኑ ዘረጋለት።